ከሳንቲሙ ጥቅል መሐል የወጣው



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከሁላችንም ኪስ የማይጠፋ፣ ነገር ግን ቁም ነገር ብለን ብዙም የማንነጋገርበት ነው። እርሱም ሳንቲም ነው፤ በተለይ ተቆጥሮና ተጠቅልሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ሳንቲም።

መርካቶ ውስጥ ሲኒማ ራስ የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው ከሲኒማ ቤቱ ይሁን እንጂ ሰው ወደዚያ የሚጎርፈው ለገበያና ለታክሲ ነው። ታክሲ ባለበት ረዳት አለ፤ ረዳት ባለበት መልስ አለ፤ መልስ ባለበት ደግሞ ዝርዝር ይፈለጋል። ስለዚህ ባለሱቁም፣ ረዳቱም፣ ሻይ የምትሸጠው እናትም የቀን ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት ዝርዝር መያዝ አለባቸው። ዝርዝሩ በጅምላ ሲወሰድ አንድ በአንድ እየተቆጠረ አይሰጥም። ሃምሳ ሃምሳው በወረቀት ተጠቅልሎ ወይም በላስቲክ ተቋጥሮ ነው። ተቀባዩ ጥቅሉን በመዳፉ መዘን አድርጎ «ሙሉ ነው?» ይላል፤ ሰጪው «ሙሉ ነው» ይላል። ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

ያልቃል ማለታችን ጥቅሉ እስኪፈታ ድረስ ነው።

ጥቅሉ ሲፈታ

ጥቅሉ ሲፈታ የሚገኘው ነገር ሁልጊዜ የተባለው አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ጉድለት አለ። ሃምሳ የተባለው አርባ ዘጠኝ ወይም አርባ ሰባት ሆኖ ይገኛል። ይህ ሁሉ ሌብነት ነው አንልም፤ በግርግር መሐል የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል። ሁለተኛው የተቀላቀለ ጥቅል ነው። ከሁለቱም ጫፍ የሚታዩት የአንድ ብር ሳንቲሞች ሆነው ከመሐል ሃምሳ ሳንቲም ይወጣል። ይህን እንኳ በስህተት ገባ ለማለት ያስቸግራል። ሦስተኛው የባዕድ አገር ሳንቲም ነው፤ የጅቡቲ ፍራንክ፣ የኬንያ ሽልንግ፣ ወይም ከዐረብ አገር በተመለሰ ሰው ኪስ የመጣ የሳዑዲ ሀላላ ይሆናል። አራተኛው ጭራሽ ሳንቲም ያልሆነው ነው፤ ሮንዴላ ወይም ተቀጥቅጦ የጠፈጠፈ ቆርኪ። በመጨረሻም ሳንቲምነቱ እውነት ሆኖ የተቃጠለ፣ የተጣመመ ወይም ማስቲካ የተጣበቀበት አለ።

ይህ የእኛ አገር ገበያ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ ባንኮች የሩብ ዶላር ሳንቲም አርባ አርባው ተጠቅልሎ፣ አንዱ ጥቅል በአሥር ዶላር ይሰጣል። እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ የተመታው ሩብ ዶላር ከዘጠና ከመቶ ብር ማዕድን የተሠራ ስለነበር፣ እሱን ፍለጋ ጥቅል እየገዙ የሚፈቱ ሰዎች አሉ። እነርሱም ብር ሲፈልጉ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ሳንቲም፣ ሮንዴላና እጅ የሚያቆሽሽ ቆሻሻ ነው። ልዩነቱ እነርሱ ጥቅሉን የሚፈቱት ለጨዋታና ለዕድል ሲሆን፣ የእኛው ረዳት የሚፈታው ለዕለት ጉርሱ መሆኑ ነው።

እስቲ ለምሳሌ ያህል አንድ ወጣት ረዳት እናስብ። ጠዋት መቶ ብር ከፍሎ ሁለት ጥቅል የአንድ ብር ሳንቲም ይወስዳል። እኩለ ቀን ላይ ሲያየው ከሁለቱ ጥቅሎች አምስት ብር ጎድሏል፤ ሁለት ሮንዴላም ወጥቶበታል። ጥቅሉን የሰጠውን ሰው ተመልሶ ቢፈልገው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አያገኘውም። ማታ ደግሞ ለመኪናው ባለቤት ሂሳብ ማስረከብ አለበት። በዚህ ጊዜ ሸይጧን ቀላሉን መንገድ ያሳየዋል፤ «አንተስ የተቀበልከው ከሰው አይደል? ለሰው አሳልፈው» ይለዋል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ዓይናቸው የደከመ አንዲት እናት አሉ። ሮንዴላውን ከሦስት ደህና ሳንቲሞች ጋር አድርጎ መዳፋቸው ላይ ቢያፈሰው ማን ያየዋል?

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ወር ጽሑፋችን ጉዳይ ሮንዴላው ሳይሆን ይህች «አሳልፈው» የምትለው ቃል ናት።

ነገሩ የቆየ ነው

ሳንቲም እየተጭበረበረ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ዛሬ አልተጀመረም። አያቶቻችን በጠገራ ብር ሲገበያዩ ነጋዴው ብሩን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። ጠገራው የኦስትሪያዋን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን መልክ የያዘ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ነው። ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ይወጣ ነበር። ነጋዴው ታዲያ በራስ ጌጧ ላይ ያሉትን ፈርጦች አንድ ሁለት እያለ ይቆጥራል። ፈርጡ የጠፋበት ወይም መልኩ የተፋቀ ከሆነ አይቀበልም። ይህን ሲያደርግ ሰጪውን ሌባ ማለቱ አልነበረም። ሰጪውም አይቆጣም፤ ነገ እርሱም ተቀባይ ነውና።

ከዚያ በኋላ የመጣ ሌላ ታሪክ አለ። 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት ይዘው በወጡት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሳንቲሞች ላይ ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ማዕድን፣ ሃያ አምስት ሳንቲሙ ከመዳብ የተሠራ ነበር። የሁለቱ ስፋት ግን እጅግ ተቀራራቢ ነበር። በዚህም ምክንያት መዳቡን ሃያ አምስት የብር ቀለም እየለበጡ በሃምሳ ሳንቲም ዋጋ የሚያሳልፉ ሰዎች ተነሡ። ሃምሳ ሳንቲም ነው ተብሎ ከተቀበሉት መሐል ቀለሙ ሲለቅ መዳብ የሚወጣበት ሰው ኪሳራው የእሱ ሆነ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1952 የሃያ አምስት ሳንቲሙ ዙሪያ ጥርስ ጥርስ ተደርጎ እንዲቆረጥ አደረገ። ከዚያ በኋላ ዓይነ ስውር እንኳ ዙሪያውን በጣቱ ዳስሶ ከሃምሳው ይለየው ጀመር።

የቅርቡ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደነግጣል። በ2000 ዓ.ም. (2008 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ «ይህ ወርቅ ሳይሆን ወርቅ የተቀባ ብረት ነው» ተብሎ ተመለሰ። ምርመራው ሲቀጥል ባንኩ በካዝናው ያለውን ወርቅ ሁሉ እንዲያስመረምር ታዘዘ። ወደ ጅቡቲ ሊወጣ ሲል ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ተይዞ በባንኩ ለዓመታት ከተቀመጠው ወርቅ መካከልም ሐሰተኛ ተገኘ። ወርቁን ካቀረበው ነጋዴ ሌላ የባንኩ ሠራተኞችና ወርቁን መርምረው እውነተኛ ነው ብለው ማረጋገጥ የነበረባቸው ባለሙያዎች ተያዙ። ብረቱ ያን ያህል እጅ አልፎ የሄደው ከፊቱ ያለው ሰው አይቶታል ብሎ እያንዳንዱ ስላመነ፣ ወይም አይቶ ስላሳለፈው ነው። በትልቁ ካዝና የሆነውና በትንሿ የሳንቲም ጥቅል የሚሆነው በመጠን እንጂ በባሕርይ አይለያዩም።

እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲሰዱ

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ። ከላይ ሲታይ ደረቅና ጥሩ እህል ነበር። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለእህሉን ይህ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁት ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ ነገራቸው። እርሳቸውም ታዲያ ሰው እንዲያየው ከላይ አታደርገውም ነበርን ካሉት በኋላ፣ አጭበርባሪ ከእኛ ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህን ሐዲስ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውት ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል።

ልብ በሉ! ሰውየው እህሉን ውኃ አላጠጣውም፤ ዝናቡን ያዘነበው አላህ ነው። ጥፋቱ እርጡቡን ከውስጥ፣ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ነው። የሳንቲሙም ጥቅል እንዲሁ ነው። ረዳቱ ሮንዴላውን አልሠራውም። ሌላ ሰው ነው የሰጠው። ነገር ግን አውቆ ከደህናዎቹ መሐል ሲሰውረው የክምሩ ባለቤት እርሱ ይሆናል።

ታላቁ ዐሊም ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ.፣ 1111 እ.ኤ.አ. የሞቱት) «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ስለ ንግድ ሥነ ምግባር ሲያስተምሩ ይህንኑ ጉዳይ ለብቻው አንሥተውታል። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሐሰተኛ ዲርሃም ማሳለፍ መቶ ዲርሃም ከመስረቅ የከፋ ነው ተብሏል። ለምን ቢባል ስርቆት አንዴ ተፈጽሞ ያበቃል፤ ሐሰተኛው ዲርሃም ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ በያንዳንዱ እጅ ላይ አንድ ሰው ይበድላል። ያሳለፈው ሰው ሞቶ ከተቀበረ በኋላ እንኳ ሳንቲሙ መዞሩን፣ ወንጀሉም መጻፉን ላያቆም ይችላል። ስለዚህ ሐሰተኛ ገንዘብ እጁ የገባበት ሰው የማንም እጅ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ይጣለው ይላሉ።

እንዲሁም ነጋዴ ገንዘብን መለየት መማር እንዳለበት ይናገራሉ። የሚማረውም ራሱ እንዳይታለል ብቻ ሳይሆን ሳያውቅ ለሌላው አሳልፎ እንዳይሰጥ ነው። «እሱ እያወቀ ተቀብሎኛል» ማለትም ሁልጊዜ ነፃ አያወጣም፤ አውቆ የሚቀበል ሰው ብዙውን ጊዜ ለሌላው ሊያሳልፈው ነውና። አውቆ የተቀበለው ግን በዚህ ሐሰተኛ ሳንቲም ማንም አይጎዳ ብሎ ሊያጠፋው ከሆነ እርሱ በግብይት ገር ከሆኑት ሰዎች ይቆጠራል።

እንግዲህ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የተጻፈው ለሲኒማ ራሱ ረዳት የተጻፈ አይመስልምን?

ዝርዝር ሲሸጥ

ከጥቅሉ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። ዝርዝር በሚጠፋበት ጊዜ ሳንቲም ይሸጣል። አሥር ብር ኖት የሰጠ ሰው ዘጠኝ ብር ሳንቲም ይወስዳል። ሻጩ ቁጭ ብሎ ስለለቀመና ስለቆጠረ የድካሜ ነው ይላል፤ ገዢውም ስለቸገረው ይሰጣል።

ይህን ቀለል አድርገን ማለፍ የለብንም። ወርቅ በወርቅ፣ ብር በብር ሲለዋወጥ መጠኑ እኩል፣ ልውውጡም እጅ በእጅ እንዲሆን ሐዲስ አዟል። የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 በዐማን ባደረገው ስብሰባ የወረቀት ገንዘብ እንደ ወርቅና ብር የሪባና የዘካ ሕግ እንደሚመለከተው ወስኗል። በዚህ መሠረት ብዙ ኡለማዎች የአንድ አገር ገንዘብ ኖቱም ሳንቲሙም አንድ ዓይነት ስለሆነ በማበላለጥ መለዋወጥ ሪባ ነው ይላሉ። ኖትና ሳንቲም ይለያያሉ ብለው የፈቀዱ ዐሊሞችም ስላሉ በወንድማችን ላይ ጣት ለመቀሰር አንቸኩል። ለራሳችን ግን ከጥርጣሬ መራቅ ይሻላል። ሳንቲም የሚያጠራቅም ችግረኛ ወንድማችንን መርዳት ከፈለግን አሥሩን በአሥር ለውጠን ሶደቃውን ለብቻው እንስጠው።

ከዚህ ሕግ የምናገኘው አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። ልውውጡ እኩል በእኩልና እጅ በእጅ መሆን ካለበት ቆጠራው የልውውጡ አንድ ክፍል ነው ማለት ነው። ሳይቆጠር የተወሰደ ጥቅል አርባ ሰባት ሆኖ ቢገኝ ሃምሳ ብር በአርባ ሰባት ተለውጧል። ስለዚህ «ልቁጠረው» የሚል ሰው ሰጪውን አልሰደበም፤ ሁለቱንም ከበደል ጠበቀ እንጂ። በአገራችን ግን ይሉኝታ ይዞን ባለሱቁ ፊት ጥቅል መፍታት ነውር ይመስለናል። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፤ ሐቅን እስኪያስጠፋ ድረስ ሲሄድ ግን ጥሩነቱ ይቀራል።

የአንድ ብር ሳንቲማችንን አገላብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? 2002 ዓ.ም. የሚለውን ዓመት ይዞ የወጣው ይህ ባለ ሁለት ቀለም ሳንቲም በአንድ ፊቱ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ፊቱ ሚዛን አለበት። ቁርኣን ውስጥ 83ኛው ሱራ «አል-ሙጠፊፊን» ይባላል፤ ለራሳቸው ሲሰፍሩ የሚያሟሉ፣ ለሰው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ሰዎችን ያስጠነቅቃል። ሃምሳ ሚዛኖች ጠቅልሎ አርባ ሰባት ሲሰጥ የዋለ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ምን እናድርግ?

ጥቅል የምንሠራ ሰዎች ሁለቴ እንቁጠር። በወረቀቱ ላይ ቁጥሩንና ስማችንን ወይም የሱቃችንን ምልክት እንጻፍበት። ስሙን የጻፈ ሰው በመሐል ሮንዴላ ለመክተት እጁ ይከብደዋል። ጎደለ ብሎ የሚመለስ ሰው ሲመጣም «ከወሰድክ በኋላ አላውቅም» ብለን አንመልሰው። ነውር ያለበትን ዕቃ የመመለስ መብት በሸሪዓ የታወቀ ነው።

ጥቅል የምንቀበል ሰዎች ሰጪው ፊት እንፍታው፤ ጊዜ ከሌለን ቢያንስ አንዱን ፈትተን እንየው። ማግኔት ይዞ መፈተን ግን አያዋጣም። የቆዩት 1969 ዓ.ም. የሚሉት ሳንቲሞች ማግኔት ባይስባቸውም፣ ኋላ የተመቱት በብረት ላይ የተለበጡ ስለሆኑ ይስባቸዋል፤ ሁለቱም ግን እውነተኛ ናቸው። ዓይንና ጣት ይበልጣሉ።

መጥፎው ሳንቲም እጃችን ከገባ በኋላስ? የባዕድ አገር ሳንቲም ከሆነ ወደዚያ አገር ለሚሄድ ሰው እንስጠው፤ ወይም ልጆች የዓለምን አገሮች ይማሩበት። የተቃጠለ ወይም የተጣመመ የአገራችን ሳንቲም ከሆነ ወደ ባንክ ወስደን እንጠይቅ። ሮንዴላ ከሆነ ለብሎን ያገለግላል፤ ለመልስ ግን አያገለግልም። ሐሰተኛ ተብሎ የተሠራ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን እያወቀ የሚያሳልፈውንም ይቀጣል።

ይህ ሁሉ ሲባል ኪሳራውን የሚሸከመው ማነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። አምስት ብር ለባለመኪናው ትንሽ ነው፤ ለረዳቱ ግን ከዕለት ገቢው የምትቀነስ ናት። ስለዚህ እናንተ የታክሲ ባለቤቶች፣ እናንተ ባለሱቆች፣ ጠዋት ጥቅሉን አምናችሁ የሰጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ ማታ የወጣውን ሮንዴላ ከልጁ ደሞዝ አትቁረጡ። ልጁን «አሳልፈው» ወደሚለው ወስዋስ የሚገፋው ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን የማታ ሂሳብ ፍርሃት ነው። ሮንዴላውን አምጥቶ «ይህ ወጥቶብኛል» የሚል ልጅ ብታገኙ አመስግኑት እንጂ አትቆጡት። ነገ የሺህ ብሩን ስህተት የሚነግራችሁ እርሱ ነው።

ወላጆችም እንዲሁ። ልጃችን ሱቅ ተልኮ የማይሠራ ሳንቲም ይዞ ሲመለስ ከብዙዎቻችን አፍ የሚወጣው «ሂድና ለወዲያኛው ሱቅ ስጠው» የሚል ነው። በዚያች ደቂቃ ልጁ የአንድ ብር ኪሳራ ከመሸከም ሰውን ማታለል እንደሚሻል ከእናት ከአባቱ አፍ ተማረ። ይልቁንስ እጁን ይዘን ወደሰጠው ባለሱቅ እንመለስ፤ ባለሱቁ ካልተቀበለን ደግሞ ልጁ እያየ እናስወግደው። አንድ ብር ከስረን ልጃችንን አተረፍን ማለት ነው።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ገንዘቡ ወደ ስልክ ገባና ይህ ጉዳይ አለቀ አትበሉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ክፍያ ያለ ሳንቲም ይፈጸማል። ነገር ግን ገንዘቡ ሳይገባ ገብቷል የሚል የሐሰት መልእክት ለባለሱቅ ማሳየት ያው ሮንዴላውን በመዳፉ ላይ ማፍሰስ ነው።

ሐሰተኛው ሳንቲም ከየት እንደተነሣ አናውቅም፤ በስንት እጅ እንዳለፈም አናውቅም። የት ላይ እንደሚቆም ግን መወሰን እንችላለን። እጃችን ላይ ይቁም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ቆጠራችንን ሙሉ፣ እጃችንን የታመነ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።